ፌንጣዋን ያለበሰው ሸማኔ

መሐመድሰዒድ መሐመድአወል ዕድሜውን የጨረሰው ግማሽ አካሉን ከመሬት በታች አድርጎ ነው። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ የወረታ ሸማኔ ሥራው እንደዚያ ነው። ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ጠርዙ ላይ ቁጭ ይላል፣ እግሮቹ ከታች መርገጫውን ግራ ቀኝ ሲሉ እጆቹ ከላይ መወርወሪያውን ይወረውራሉ። መሐመድሰዒድ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ተቀምጦ ሸበተ። ታዲያ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ሁሉ አይጥመውም። በቅሎ አይቀመጥም። ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል የምትወጣው ሚስቱ ዘይነብ ናት፤ እሱ ከታች ሆኖ መሰላሉን ይይዛል፣ ያውም ዓይኑን ጨፍኖ።

"የምወጣው እኔ፣ አንተን ምን ያስጨፍንሃል?" ትለዋለች።

"አንቺን ሳይ እኔ እንዳልወድቅ ነዋ!"

እጁ ግን የተመሰገነ ነበር። ሰዉ ከአዲስ ዘመንም ከወንዛዬም ፈትሉን ይዞ እሱ ዘንድ ይመጣል። ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል ይባል የለ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ፈርጁ ይሠራለታል። አንድ ነገር ብቻ ማንም ቢለምነው አያደርግም፤ ጥለት የሌለው ሸማ ለሕያው ሰው አይሠራም።

ይህ አባቱ ትተውለት የሞቱት ሕግ ነው። በሌላ ሸማኔ ቤት ይኑር አይኑር እንጃ፤ በእነሱ ቤት ግን ለክርክር አይቀርብም። ለሕያው የሚሆን ሸማ፣ ጋቢም ይሁን ነጠላ፣ ቢያንስ ጫፉን አንዲት ቀይ ክር ሳትነካው ከጉድጓድ አይወጣም። ንጹሕ ነጭ ሆኖ የሚወጣው የሙት ልብስ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አባትየው ለጎረቤታቸው ልጅ ለገላነሽ የሙሽራ ነጠላ ሲሠሩ ጥለቱን ረስተው ሰጡ። ትዝ ሲላቸው እየሮጡ ሄደው ከሙሽራዋ ትከሻ ላይ ገፈፉና ራሳቸው ተከናንበውት በሠርገኛው መሐል ቁጭ አሉ። ሰው በሳቅ ሞተ። እሳቸው ግን አልሳቁም። "ጥፋቱ የሸማኔው ከሆነ ጦሱም የሸማኔው ነው። መጀመሪያ እሱ ይልበሰው" አሉ። በማግስቱ ቀይ ክሯን ጨምረው መለሱላት። መሐመድሰዒድ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፤ የአባቱን ፊት ግን አልረሳውም።

የልብ ጓደኛው ገሰሰ አለምነህ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዓይኑ ከሰማይ ወርዶ አያውቅም። በቅርቡ ያለችው የቁሐር ሚካኤል መንደር ልጅ ነው። እናቱ እማማ ሸጌ በገበያ ቀን ፈትል ይዘው ወደ ሸማኔው ቤት ሲመጡ ገሰሰም ቀሚሳቸውን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ሁለቱ የተዋወቁት በዚያ ነው። አንደኛው ጉድጓዱ ውስጥ ቀረ። ሁለተኛው ደብረ ዘይት ገብቶ የአየር ኃይል መካኒክ ሆነ። የአውሮፕላን ሆድ ዕቃ ሲፈታና ሲገጥም ኖረ፤ አስተማሪዎቹም እየወደዱት በማሠልጠኛዋ አውሮፕላን ማብረሩን አስለመዱት። ብቻውን ግን አንድም ቀን አልበረረም። በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ቀኝ እግሩን ቆሰለና እያነከሰ አገሩ ገባ።

አገሩ ላይ ደግሞ ፌንጣዋ ትጠብቀው ነበር።

ፌንጣ የሚሏት በጣሊያን ጊዜ ነዳጅ ጨርሳ ቁሐር ሚካኤል ሜዳ ላይ ያረፈች የእንጨት የጦር አውሮፕላን ናት። አብራሪዋና ተኳሿ እግሬ አውጪኝ ብለው ጠፉ። የአካባቢው ባላባት በበሬ አስጎትቶ ውሃ ከማይደርስበት ጉብታ አወጣትና ዳስ ሠራላት። እንግዳ በመጣ ቁጥር "የማረክኋት" እያለ ያሳያል፤ የማረካት ባዶ የነዳጅ ጋን መሆኑን ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። መትረየሷን ማን እንደወሰደውም እንዲሁ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ጨርቋን ሴቶቹ ለወንፊት፣ ወንዶቹ ለኮርቻ እየቀደዱ ጨረሱት። የአብራሪው መቀመጫ ዶሮ ይታቀፍበታል። ባላባቱ በመሬት አዋጅ ሲነሣ ዳሱም፣ ፌንጣዋም፣ ዶሮዎቹም የገበሬ ማኅበሩ ሆኑ።

ገሰሰ በመጣ ሰሞን ዙሪያዋን እያነከሰ ዞራትና "ይች ትበራለች" አለ። አገር ሳቀ።

እሱ ግን ሥራውን ያዘ። ሞተሯን አውርዶ በላምባ አጠባት። የተበላውን ብረት ወረታ ካሉት ቀጥቃጮች ጋር ሆኖ አስተካከለ። ፕሮፔለሯን ከአንድ ቤት ውስጥ የዕቃ መደርደሪያ ሆና አገኛት፤ የቤቱን እመቤት ለማሳመን ሞተሩን ከማጠብ የበለጠ ጊዜ ፈጀበት። የክንፏን አከርካሪ ምስጥ በልቶት ስለነበር ረጅም፣ ቀጥ ያለ ዝግባ ያስፈልጋል። እንደዚያ ያለ ዝግባ ያለው ጣራ ገዳም ነው። የገዳም ዛፍ ደግሞ አይቆረጥም፤ ነፋስ የጣለው ከተገኘ ግን አባቶች ይሰጣሉ። ገሰሰ ነፋስ እስኪጥልለት አንድ ክረምት ሙሉ ጠበቀ። ሲነፍስ በደስታ የሚያመሰግን፣ ሲያቆም የሚያኮርፍ ሰው በፎገራ ከእሱ በቀር አልታየም።

እንዲህ እንዲህ እያለች ፌንጣዋ አጥንቷ ሞላ። ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ላይ ወሬው የወረዳው ካድሬ ጓድ ደሴ ዘንድ ደረሰ። ደሴ ንግግር ወዳድ፣ ሳቅ አዋቂ ሰው ነበር። "ፋሽስት ያመጣትን መሣሪያ ሰፊው ሕዝብ ያበራታል! ለላብ አደሮች ቀን፣ ለሚያዝያ ሃያ ሦስት!" አለ። ቤንዚን በራሽን በነበረበት ጊዜ ቤንዚን አስፈቀደ። የመብረሩን ፈቃድ ከማን እንዳመጣ የጠየቀው የለም፤ ያን ጊዜ የማይጠየቅ ነገር ብዙ ነበር።

የቀረው ልብሷ ብቻ ነው።

ሁለቱ ጓደኛሞች አልፎ አልፎ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወርዳሉ፤ አንዱ ለወገቡ፣ አንዱ ለእግሩ። ገሰሰ ነገሩን ያነሣው እዚያው፣ እስከ አንገታቸው ተነክረው ሳለ ነው።

"ሰይዶ፣ አንድ ሸማ ትሠራልኛለህ።"

"ጋቢህ አለቀ እንዴ?"

"ለእኔ አይደለም። ለፌንጣዋ።"

መሐመድሰዒድ ውሃ እስኪጠጣ ሳቀ። "ምን ዓይነት ጥለት ትወዳለች እሷ?"

"ጥለት አይሆንላትም። ድሩም ማጉም አንድ ዓይነት፣ ጥብቅ ተደርጎ የተመታ፣ ነጭ ብቻ። ደብረ ዘይት ያሉ ጓደኞቼ ሙጫ ልከውልኛል። ሙጫው ሲቀባ ጨርቁን እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል። ባዕድ ክር ከገባበት አይወጠርም። ካልተወጠረ አትነሣም፤ ብትነሣም ትጥለኛለች።"

መሐመድሰዒድ ሳቁ ጠፋ። "ነጭ ብቻ" አለ።

"ምነው?"

"ምንም። ውሃው ሞቀኝ።"

ገሰሰ እግሩን ከውሃው አውጥቶ ያሸው ጀመር። "እየከፋብኝ ነው፣ ሰይዶ። አንዳንዴ ደንዝዞ እንጨት ይሆናል። አውሮፕላን አፍንጫዋን ግራ ቀኝ የምትለው በእግር ነው፤ እንደ አንተ የሽመና ዕቃ መርገጫ አላት። ዘንድሮ ካልበረርሁ ከርሞ ይኸ እግር አይረግጥልኝም። ሰማዩን ከታች ሆኜ እያየሁ መሞቴ ነው።"

ይህን ከሰማ በኋላ እምቢ ማለት አልቻለም። እሺም አላለም። ፈትሉን ተቀብሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

ብዙ ሰነበተ። ጨርቁ አማረለት፤ ውሃ ቢያቁሩበት የማያፈስ፣ ዘይነብ እንኳ "ይኸንስ ለእኔ ባደረግኸው" ያለችለት ነበር። ነገር ግን አንዱን ፈርጅ ጨርሶ ሊቆርጠው ባለ ቁጥር እጁ እምቢ ይለዋል። ለገሰሰ ከፈን እየሠራ መሰለው። ከዚያም ያለ እሱ ማንም የማያደርገውን ብልሃት አደረገ። ከነጋዴ የገዛትን፣ የምታብለጨልጭ የፋብሪካ ቀይ ክር በየጨርቁ ዳር፣ ስፌቱ በሚያርፍበት እጥፋት ውስጥ ሸጎጣት። ከላይ አትታይም። አላህ ያያል፣ አባቱ ያያሉ፣ ገሰሰ አያይም። በዚህም የሁለቱንም ቃል የጠበቀ መሰለውና ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

ጨርቁን በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪናዋ የሰፋችው ዘይነብ ናት። ዓይኗ መርፌ ነውና ቀይዋን ክር ወዲያው አየቻት። ባሏን ቀና ብላ አየችው። እሱ ጣሪያውን አየ። የባሏን አባት ሕግ ታውቃለችና እጥፋቱን አስተካክላ ሰፋችው።

ሙጫው የተቀባ ዕለት መሐመድሰዒድ ዳሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሽታው ያሰክራል። ገሰሰ እያፏጨ ቀባ፣ ጨርቁም እየደረቀ ሲሄድ እየተወጠረ፣ በጣት ሲመቱት ድም ድም ማለት ጀመረ። ከዚያ በስፌቱ መስመር ላይ ጨርቁ እየተጨማደደ መጣ። ጥጡ ሲኮማተር ያች የፋብሪካ ክር አልኮማተርም አለች። ክንፉ ከዳር እስከ ዳር የአሮጊት ጉንጭ መሰለ። ገሰሰ ማፏጨቱን አቆመ። በቢላዋ ስፌቱን ተረተረና ቀይዋን ክር በሁለት ጣቱ ስቦ አወጣት።

"ሰይዶ፣ ምንድን ናት ይች?"

መሐመድሰዒድ ክሯን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ፤ ገሰሰ ወደ ኋላ ሳባት።

"ባዕድ ክር አይግባ አላልሁህም? ነጭ ብቻ አላልሁህም? ልትገድለኝ ነው?"

"እንዳትሞት ብዬ እኮ ነው!" ብሎ ጮኸ መሐመድሰዒድ። ሁሉንም ነገረው፤ አባቱን፣ የገላነሽን ነጠላ፣ ከፈኑን። እየተናገረ እንባው መጣ። "ነጭ አልብሼ ወደ ሰማይ ልስደድህ? አንተን?"

ገሰሰ ሲበሳጭ ክፉ ነበር። "የአባትህ ሕግ ለሰው ነው፣ ለእንጨት አይደለም! ሚያዝያ ደረሰ፣ ክረምት ደረሰ፣ ሜዳው ውሃ ሊሆን ነው! የእኔ እግር ደግሞ ያንተን ጥለት አይጠብቅም!" አለና ክሯን መሬት ላይ ጥሎ እያነከሰ ሄደ።

መሐመድሰዒድ ክሯን አንሥቶ ኪሱ ከተታት። ቤቱ ሲገባ ዘይነብ ፊቱን አየችና የቀረውን ፈትል አውጥታ ጉድጓዱ አጠገብ አስቀመጠችለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲያ ሳይቸኩልም ሳያርፍም ሠራ። ነጭ ብቻ። አንድ ቀለም የለበት። ሥራው ላይ እያለ የሚያንጎራጉር ሰው ነበር፤ ያን ሰሞን ድምፁ አልተሰማም። ገሰሰ ጨርቁን ሊወስድ ሲመጣ ሁለቱም አቀርቅረው ተሰጣጡ። በዚህኛው ላይ የተቀባው ሙጫ ጨርቁን እንደ ከበሮ ወጠረው።

የላብ አደሮች ቀን ወረታም፣ ቁሐር ሚካኤልም፣ ከብቱም ሳይቀር ሜዳው ላይ ወጣ። ከብቱን አባርሮ መንደርደሪያውን ማጽዳት ራሱ አንድ ዘመቻ ነበር፤ የፎገራ ላም ሰልፍ አታከብርም። ጓድ ደሴ ንግግሩን አስረዘመ። በመጨረሻም "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ዛሬ ደግሞ ድር አውሮፕላን ያነሣል!" ሲል ሕዝቡ አጨበጨበ፤ የእውነት አጨበጨበ፣ ነገሩ ደስ ይላልና። ፌንጣዋ ነጭ ለብሳ፣ ረጃጅም እግሯ ላይ ቆማ ታበራለች። መሐመድሰዒድ ግን ሊያያት አልቻለም። የሚያየው ከፈን ነበር።

ገሰሰ እያነከሰ ወጥቶ ፊተኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ አንድ ሁለቴ አስነጥሶ ተነሣ። ዶሮዎች ተበታተኑ።

ያን ጊዜ መሐመድሰዒድ ከሰዉ መሐል ወጥቶ ቀጥ ብሎ ሄዶ ክንፉን ያዘ።

"ገሰሰ! የኋላው መቀመጫ ሰው ይይዛል?"

"የተኳሽ መቀመጫ ነው! ዞር በል፣ ይመታሃል!"

"ወይ ውረድ፣ ወይ ልውጣ!"

"ምን?"

"ጥፋቱ የሸማኔው ከሆነ ጦሱም የሸማኔው ነው!"

ገሰሰ ዞሮ አየው። ከተጣሉ ወዲህ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በርጩማ ላይ እንኳ የማይወጣ ሰው መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። "እንግዲያው ውጣ!" አለው። "ከእግርህ ሥር ያለውን መርገጫ እኔ ሳልነግርህ እንዳትነካ! አብራሪው ቢመታ ተኳሹ እንዲያወርዳት ተብሎ የተሠራ ነው!"

"ቢስሚላህ" አለ መሐመድሰዒድ፣ እየዳኸም ወጣ። ከኋላ የዘይነብ ድምፅ መጣ። "አንተ ሰው! መሐመድሰዒድ! ኧረ ያዙልኝ! መሰላል የማይወጣ ሰው እኮ ነው!" አለች። የሚይዘው አልተገኘም፤ ፌንጣዋ መንደርደር ጀምራለች።

መሬት ስትለቅ መሐመድሰዒድ አላየም፤ እንደ ልማዱ ጨፍኗል። ሁለት እግሮቹን ሰብስቦ፣ ከቁርኣን የሚያውቀውን ሁሉ እየቀራ፣ ገሰሰ ሲጮህ ሰማ። የፍርሃት ጩኸት መስሎት አንዱን ዓይኑን ገለጠ። ገሰሰ እየሳቀ ነበር። ሽማግሌው ገሰሰ እንደ ልጅ እየሳቀ፣ እያለቀሰም ነበር። መሐመድሰዒድም ሌላውን ዓይኑን ገለጠ። ከታች ወረታ ቆርቆሮዋ ያበራል፤ ከወዲያ ጣና እስከ ዓይን ማለቂያ ተኝቷል፤ ማሳው ተቆራርጦ ጎን ለጎን ተሰፍቷል። እያንዳንዱ ማሳ ዳር ላይ አረንጓዴ ጥለት አለበት። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ግን ደስ አለው፤ ደስታውም ገረመው።

ወደ ሜዳው ለመመለስ ሊዞሩ ሲሉ የፌንጣዋ አፍንጫ ወደ ሐይቁ ማዘንበል ጀመረ፤ መመለሱንም እምቢ አለች። ገሰሰ ቀኝ ጉልበቱን በቡጢ መታው። ደግሞ መታው። እግሩ ደንዝዟል። ወደ ኋላ ዞር ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሰይዶ! ቀኙን! ቀኙን መርገጫ!"

መሐመድሰዒድ እግሮቹን ዘረጋ። መርገጫዎቹ እዚያው፣ ሁልጊዜ በሚጠብቁት ቦታ፣ ከታች ነበሩ። ሸማኔ መርገጫ አይረግጥም፣ ያባብላል፤ ድሩ እንዳይበጠስ። ቀኙን ቀስ ብሎ ተጫነው። ፌንጣዋ አፍንጫዋን መለሰች።

"እንዲያ! ጎሽ! አሁን ግራ፣ ትንሽ! ደግሞ ቀኝ!"

ከዚያ በኋላ ገሰሰ በእጁ ሲያወርዳት መሐመድሰዒድ በእግሩ አቀናት። ግራ ሲለው ግራ፣ ቀኝ ሲለው ቀኝ። ሳያውቀው ማንጎራጎር ጀምሮ ነበር። ከብቱ ተመልሶ ሜዳው ላይ ገብቶ ስለነበር አንዲት ጥጃ ለጥቂት ተረፈች። ፌንጣዋ አንዴ ነጥራ፣ ደግማ ነጥራ፣ ረግታ ቆመች።

ሕዝቡ እየሮጠ ሲመጣ ሁለቱ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ሞተሩ ጠፍቷል። ገሰሰ ሳይዞር ተናገረ።

"ብቻዬን ብሆን ኖሮ፣ ሰይዶ..."

"ብቻህን ብትሆን ኖሮ ነጩ ጨርቅ ለከፈን ልክህ ነበር" አለው መሐመድሰዒድ።

ገሰሰ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ መሐመድሰዒድም ያዘው።

ከሕዝቡ ሁሉ ቀድማ የደረሰችው ዘይነብ ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ባሏን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። "ክረምቱ ሲገባ ጣሪያውን የምትወጣው አንተ ነህ" አለችው።

"ወላሂ አልወጣም፤ ያ ከፍ ይላል!" አለ መሐመድሰዒድ።

ከዚያም መርፌ አላት እንደሆነ ጠየቃት። ዘይነብ ያለ መርፌ ከቤት አትወጣም፤ ከነጠላዋ ጫፍ ነቅላ ሰጠችው። ኪሱ ውስጥ የከረመችውን ቀይ ክር አወጣና ጓድ ደሴ ሁለተኛውን ንግግሩን ሲጀምር እሱ ክንፉ ሥር ቁጢጥ ብሎ ከጨርቁ ዳር አንድ ጣት የምታህል ቀይ ስፌት ሰፋ። ሙጫው ደርቋልና ከእንግዲህ የሚጨማደድ ነገር የለም።

ገሰሰ ከላይ ሆኖ አየውና "አሁንስ?" አለው።

"አሁን ልብስ ሆነች" አለ መሐመድሰዒድ፣ ክሯንም በጥርሱ በጠሳት።